አንቷን ዳባዲ፦ የኢትዮጵያን ምድር በሰማይ ከዋክብት የለካ ምእመን

የኢትዮጵያ ካቶሊካዊት ቤተ ክርስቲያንን የቅርብ ዘመናት ታሪክ የሚያነብ ሰው የቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያኮቢስንና የካርዲናል ጉልዬልሞ ማስያስን ስም በየገጹ ያገኛል። ከሁለቱም ሐዋርያት መምጣት በስተጀርባ ግን ስሙ ከስንት አንዴ ብቻ የሚነሣ አንድ ምእመን አለ። ካህን አልነበረም፤ በማንኛውም የምንኵስና ማኅበር አልታቀፈም። ሙያው ሒሳብና ሥነ ፈለክ ነበር። በአገራችን ተራሮች ላይ ለዓመታት እየወጣ፣ ከዋክብትንና ፀሐይን እየተመለከተ፣ ከቀይ ባሕር እስከ ከፋ የሚደርስ የጎነ ሦስቶች መረብ ዘረጋ። ይህ ሰው አንቷን ዳባዲ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢያን እንዲያስተውሉልን እናሳስባለን።

አንቷን ጥር 3 ቀን 1810 ዓ.ም. በአየርላንድ ዋና ከተማ በደብሊን ተወለደ። አባቱ ሚሼል ዳባዲ በፈረንሳይ ደቡብ ምዕራብ ከሚገኘው ከባስክ ሕዝብ ምድር የፈረንሳይን አብዮት ሸሽቶ የተሰደደ ሰው ሲሆን፣ እናቱ ኤልሳቤጥ ቶምሰን አየርላንዳዊት ነበረች። ልጁ ገና ሕፃን ሳለ ቤተሰቡ ወደ ፈረንሳይ ተመለሰ። በቱሉዝና በፓሪስ ተማረ። ቤቱ በካቶሊካዊ እምነት የጸና፣ በሀብትም ያልተቸገረ ነበርና ወጣቱ ሙያውን የመረጠው ለእንጀራ ሲል አልነበረም። ከልጅነቱ ጀምሮ ልቡን የማረከው የአፍሪካ ውስጥ ነበር፤ ለዚህም ራሱን ለዓመታት አዘጋጀ። በ1836 እና በ1837 የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ የመሬትን መግነጢሳዊ ጠባይ እንዲመረምር ወደ ብራዚል ላከው። ከዚያ እንደ ተመለሰ፣ ብዙም ሳያርፍ፣ ከታናሽ ወንድሙ ከአርኖ ጋር የኢትዮጵያን መንገድ ያዘ።

ወንድማማቾቹ በካይሮ ከላዛሪስት ማኅበር ካህን ከአባ ጁዜፔ ሳፔቶ ጋር ተገናኙና አብረው ተጓዙ። በየካቲት ወር 1838 ምጽዋ ደረሱ። ሳፔቶ በዓድዋ ሲቀር ወንድማማቾቹ ወደ ጎንደር ዘለቁ፤ በዚያም ታዋቂው ሊቅ አጽቁ በቤታቸው ተቀበሏቸው። ይሁን እንጂ አንቷን የያዛቸው መሣሪያዎች ለታሰበው ሥራ እንደማይበቁ ስለ ተረዳ ወንድሙን ትቶ በዚያው ዓመት ወደ አውሮፓ ተመለሰ። በዚህ ጉዞው ነበር የአባ ሳፔቶን ልመና ለሮም ያቀረበው። ቅድስት መንበርም በ1839 የላዛሪስቱን ካህን አባ ዮስጢኖስ ደ ያኮቢስን የሐበሻ ሐዋርያዊ ኃላፊ አድርጋ ሾመች፤ እርሳቸውም በዚያው ዓመት ጥቅምት ምጽዋ ደረሱ። በ1975 በቅድስና የተሰየሙት አባታችን ወደዚህ ምድር የመጡበት በር የተከፈተው እንግዲህ የተሻለ ቴዎዶላይት ፍለጋ በተሄደ ጉዞ ጭምር ነው። የእግዚአብሔር አገልግሎት በየትኛው መንገድ እንደሚመጣ ሰው አስቀድሞ አያውቅም።

በ1840 አንቷን ከአዲሶቹ መሣሪያዎቹ ጋር ተመለሰ። ሊሠራው ያሰበውን ለመረዳት ግን ጥቂት ስለ ጎነ ሦስት ማውራት ያስፈልጋል፤ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራንም ለተማሪዎቻቸው ሊያሳዩት የሚችሉት ነገር ነውና በትዕግሥት እንዲከተሉን እንለምናለን።

በትምህርት ቤት የተማርነው የማንኛውም ጎነ ሦስት ሦስት ማዕዘኖች ሲደመሩ 180 ዲግሪ ይሆናሉ የሚለው ሕግ በሰሌዳ ላይ፣ ማለትም በዝርግ ነገር ላይ ብቻ የሚሠራ ነው። አንድ ብርቱካን እንውሰድ። ከላይኛው ጫፉ ተነሥተን በቢላዋ አፍ እስከ ወገቡ ድረስ መስመር እናስምር፤ ከዚያም በወገቡ ላይ የዙሪያውን ሩብ ያህል ወደ ጎን እንሂድ፤ በመጨረሻም ወደ ተነሣንበት ጫፍ እንመለስ። ሦስት ጎንና ሦስት ማዕዘን ያለው ቅርጽ አገኘን፤ ነገር ግን እያንዳንዱ ማዕዘን 90 ዲግሪ ነው፤ ድምሩም 270 ይሆናል። በሉል ላይ የተሠራ ጎነ ሦስት ምንጊዜም ከ180 ዲግሪ ትርፍ አለው፤ ትርፉም ከስፋቱ ጋር አብሮ ያድጋል። በምድር ላይ ወደ 200 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ስፋት ያለው ጎነ ሦስት ትርፉ አንዲት ሴኮንድ ብቻ ናት፤ ይህም የአንድ ዲግሪ 3600ኛ ክፍል ማለት ነው። ገበሬው እርሻውን ሲለካ ምድር ዝርግ ብትሆንለት አይጎዳም። አገርን የሚለካ ሰው ግን እንዲህ ቢያደርግ ይሳሳታል።

ይህን ዕውቀት ዳባዲ አልፈጠረውም። በአንደኛው ምእት ዓመት ማብቂያ ገደማ የእስክንድርያው ሜኔላዎስ ስለ ሉል ጎነ ሦስት መጽሐፍ ጽፏል፤ ዓረቦች የሒሳብ ሊቃውንት አስፋፍተውታል፤ በዐሥራ ስምንተኛው ምእት ዓመት መጨረሻ ደግሞ ፈረንሳዊው ለዠንድር የሉሉን ትርፍ ለሦስት ከፍሎ ከየማዕዘኑ በመቀነስ ትንሹን ጎነ ሦስት እንደ ዝርግ ለማስላት የሚያስችል ቀላል ዘዴ አቅርቧል። የዳባዲ ድርሻ ይህን ዕውቀት ጠባቂ ወታደር፣ የመለኪያ ሰንሰለትና የመንግሥት ገንዘብ በሌለበት ምድር ብቻውን ከጥቂት አገልጋዮች ጋር በሥራ ላይ ማዋሉ ነው።

በፈረንሳይ አገር ሲለካ በመጀመሪያ ጥቂት ኪሎ ሜትር የሚሆን ሜዳ በብረት ዘንግ ክንድ በክንድ ይለካል፤ ከዚያም ከየኮረብታው የተተከሉ ምልክቶች እየታዩ ማዕዘኖቹ ይመዘገባሉ። በኢትዮጵያ ይህ የማይሞከር ነበር። ዳባዲ ስለዚህ የመጀመሪያውን ርቀት ከምድር ሳይሆን ከሰማይ ለመውሰድ ወሰነ። የሰሜን ዋልታ ከአድማስ በላይ የሚታይበት ከፍታ ከተመልካቹ ኬክሮስ ጋር እኩል ነው፤ በጎንደር ይህ ከ12 ዲግሪ ተኩል ጥቂት ይበልጣል። የሰሜን ኮከብ ግን በዋልታው ላይ በትክክል አትቆምም፤ በዚያ ዘመን 1 ዲግሪ ተኩል ያህል ትርቅ ነበርና ልዩነቱን ማስላት ግድ ይላል። ስሌቱ ሌላ ጎነ ሦስት ነው፤ ይህኛው በሰማይ ላይ የተዘረጋ ነው። አንዱ ጫፍ ዋልታው፣ ሁለተኛው በተመልካቹ ራስ ትክክል ያለው የሰማይ ነጥብ፣ ሦስተኛው ኮከቡ ወይም ፀሐዩ ነው። ሦስቱ ጎኖች ከታወቁ ሦስቱ ማዕዘኖች ይገኛሉ፤ ከእነርሱም አንዱ የቦታውን ሰዓት፣ ሌላው እውነተኛውን የሰሜን አቅጣጫ ይሰጣል።

አሁን ሁለት እርስ በርስ የሚተያዩ ተራሮችን እናስብ። የአንዱ ኬክሮስ ከሌላው በግማሽ ዲግሪ ቢበልጥ፣ ከሰሜን ወደ ደቡብ ያለው ርቀታቸው 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚታየው መስመር ከእውነተኛው የሰሜን አቅጣጫ በ30 ዲግሪ ካዘነበለ፣ በመካከላቸው ያለው ቀጥተኛ ርቀት 64 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። አንድም ሜትር በገመድ ሳይለካ የመጀመሪያው ጎን ተገኘ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ከሁለቱ ተራሮች የሚታየው ሦስተኛ ተራራ፣ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት፣ ወይም ለብቻው የቆመ ዋርካ በጎነ ሦስት ይያዛል፤ እርሱም በተራው ለሌላው መነሻ ይሆናል። ዋጋው ግን ጥንቃቄ ነው። በኬክሮስ ላይ የምትሠራ የአንዲት ደቂቃ ስሕተት ቦታውን ወደ ሁለት ኪሎ ሜትር ከስፍራው ታነቃንቃለች።

ሌላም የሚያሳስት ነገር አለ። የሰሜን መስመሮች ሁሉ በዋልታው ስለሚገናኙ፣ በአንዱ ተራራ ላይ ሰሜን የተባለው አቅጣጫ በሌላው ተራራ ላይ ካለው ሰሜን ጋር ጎን ለጎን አይሄድም። በጎንደር ኬክሮስ ላይ 100 ኪሎ ሜትር ወደ ምሥራቅ የሄደ ሰው ሰሜኑ በ12 ደቂቃ፣ ማለትም በዲግሪ አንድ አምስተኛ ያህል ይዞርበታል። ይህን ያላሰበ ቀያሽ 60 ኪሎ ሜትር ርቆ የሚታየውን ተራራ ከ200 ሜትር በላይ አሳስቶ ያስቀምጠዋል፤ ስሕተቱም ከጣቢያ ወደ ጣቢያ እየተጠራቀመ ይሄዳል። ከምጽዋ እስከ ቦንጋ ከሰሜን ወደ ደቡብ ብቻ ከ900 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሆነ ዳባዲ ምድርን እንደ ዝርግ ወረቀት ሊቈጥራት አልቻለም።

በተግባር ምን ይመስል እንደ ነበር ማሰብ አያዳግትም። ከተራራው ጫፍ ደርሶ ቴዎዶላይቱን አስተካክሎ ማቆም፤ ጉም እስኪገፈፍ መጠበቅ፤ ከዚያም በአድማስ ዙሪያ የሚታየውን ሁሉ አንድ በአንድ እያነጣጠሩ መመዝገብ። ከዚህም የሚከብደው ስም ነው። ያው ተራራ ከምሥራቅ ሲታይ ጎባጣ፣ ከምዕራብ ሲታይ ሾጣጣ ነው፤ በአንዱ ወረዳ አንድ ስም፣ በሌላው ወረዳ ሌላ ስም ይኖረዋል። ሁለት ተራሮችን አንድ ማድረግ ወይም አንዱን ሁለት ማድረግ ጎነ ሦስቱን ሁሉ ያፈርሳል። ዳባዲ ቋንቋዎቻችንን በትጋት መማሩ ለሥራው የጠቀመው በዚህም ነው። ከፍታን ለማወቅ ደግሞ ውሃ ያፈላ ነበር፤ ወደ 300 ሜትር ከፍ ባልን ቁጥር ውሃ የሚፈላበት ሙቀት አንድ ዲግሪ ያህል ይቀንሳልና በጎንደር ከ93 ዲግሪ ብዙ አይርቅም።

ሕዝቡ በኢትዮጵያ ልብስ የሚዞረውን ይህን እንግዳ አባ ዲያ ይለው ነበር። አገር የሚለካ የውጭ ሰው በጥርጣሬ መታየቱ የሚያስገርም አይደለም፤ ጥርጣሬውንም አላዋቂነት ብለን ማለፍ አይገባንም። በዚያው ምእት ዓመት መጨረሻ በአፍሪካ ምድር ካርታ ከሠራዊት ቀድሞ ይሄድ እንደ ነበር ታሪክ አሳይቶናል። የዳባዲን ልብ የሚመረምረው እግዚአብሔር ነው። እኛ የምናውቀው የሰበሰበውን ሁሉ ለዕውቀት ሰዎች በግልጽ ማሳተሙን ነው።

በ1843 ከዐባይ ማዶ ተሻግሮ ወደ ሊሙ እናርያ ደረሰ። የአገሩ ንጉሥ አባ ባጊቦ አቀረበው፤ ከከፋ ንጉሥ ቤተ ሰብ ሙሽራ ለማምጣት ከተላኩት ሰዎች ጋርም አብሮ እንዲሄድ ፈቀደለት። እንዲህ አድርጎ ቦንጋን አየ። በከፋ ጫካዎች ውስጥ ካህን አጥተው የአባቶቻቸውን ክርስትና ቅሪት የያዙ ሰዎች መኖራቸውን ሰማ፤ ነገሩም ከልቡ አልወጣም። ስለ ኦሮሞ ሕዝብና ስለ እነዚህ ክርስቲያኖች ለሮም ጻፈ። ር.ሊ.ጳ. ጎርጎርዮስ 16ኛ በ1846 በኦሮሞ ምድር ሐዋርያዊ ቪካሪያት አቆሙ፤ የካፑቺን መነኵሴ የሆኑትን አቡነ ማስያስንም ሾሙ። እርሳቸው በብዙ ድካም በ1852 ዐባይን ተሻገሩ፤ በኋላም ከፋ ደረሱ። ዛሬ የጅማ-ቦንጋ ሐዋርያዊ ቪካሪያት ምእመናን በሚጸልዩበት ምድር የካቶሊክ ስብከት የጀመረበት ታሪክ እንግዲህ ከዚያ የሠርግ ጉዞ ጋር የተያያዘ ነው።

አሁን ስለ ስሕተቱ መናገር አለብን፤ የሕይወት ታሪክ ስሕተትን ከሸሸገ ውዳሴ ይሆናልና። ዳባዲ የነጭ ዐባይን ምንጭ የማግኘት ምኞት ነበረው። በእናርያ ምድር የሚነሣው ግቤ ወደ ነጭ ዐባይ የሚፈስ መሰለው፤ በጥር 1846 ከወንድሙ ጋር ከምንጩ ደርሶ የተፈለገውን አገኘሁ ብሎ ተደሰተ፤ ለአውሮፓም አስታወቀ። አልነበረም። ግቤ ወደ ኦሞ፣ ኦሞም ወደ ቱርካና ሐይቅ ይፈስሳል፤ ይህንንም የጣሊያናዊው ቦቴጎ ጉዞ በ1896 አረጋገጠ። በመካከሉ እንግሊዛዊው ስፒክ ነጭ ዐባይ ከቪክቶሪያ ሐይቅ እንደሚወጣ በ1862 አይቶ ነበር። ዳባዲ ግን ከአሳቡ ንቅንቅ አላለም። እኔን ሁልጊዜ የሚያስደንቀኝ ይህ ነው፦ ያየውንና በማዕዘን የያዘውን ነገር በሴኮንድ የሚመረምር ያው ሰው፣ ያላየውን የወንዙን ታችኛ ጉዞ በወሬና በምኞት ሞላው። የጎነ ሦስቶቹ መረብ በከፋ ያበቃል፤ ስሕተቱም የሚጀምረው እዚያው ነው።

ቅጣቱም አልዘገየም። በጎጃም የተጓዘው እንግሊዛዊ ቻርልስ ቢክ በ1850 ባሳተመው ጽሑፍ ዳባዲ ከፋን ጨርሶ አላየም ብሎ ከሰሰው። በዚያው ዓመት የፓሪስ የጂኦግራፊ ማኅበር ለወንድማማቾቹ የወርቅ ሜዳሊያ ሲሰጥ፣ ቢክ ከዚህ ቀደም ከማኅበሩ የተቀበለውን ሜዳሊያ በቁጣ መለሰ። ስለ ወንዙ ቢክ ትክክል ነበር፤ ስለ ጉዞው ግን በሐሰት ከሰሰ። በኋላ የመጡ ተጓዦች የዳባዲን ቦታዎች ስለ አገኟቸው ክሱ ወደቀ። ሰው በአንድ ነገር ስለ ተሳሳተ በሁሉም ሐሰተኛ ነው ማለት ምን ያህል ቀላል፣ ምን ያህልም የተለመደ ፍርድ እንደሆነ በየቁምስናችንም እናውቀዋለን።

በ1848 መጨረሻ ወንድማማቾቹ ኢትዮጵያን ለቀው ወጡ። አንቷን የያዛቸውን ማስታወሻዎች ማስላት ብዙ ዓመታት ፈጀ፤ የሥነ ፈለክ ሊቁ ሮዶልፍ ራዶ ረዳው። የኢትዮጵያ የጂኦዴዚ መጽሐፉ ከ1860 ጀምሮ በክፍል በክፍል ታትሞ በ1873 ተጠናቀቀ፤ ከ300 በላይ ጣቢያዎች ላይ የተወሰዱ ወደ 5 ሺህ የሚጠጉ ምልከታዎችንና ከ800 በላይ ቦታዎችን የያዘ ነው። ከዚህ ጎን ለጎን 234 የሚሆኑ የብራና መጻሕፍት ሰብስቦ ዝርዝራቸውን በ1859 አሳተመ፤ መጻሕፍቱ ዛሬ በፓሪስ በፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ። ከእነርሱ መካከል የግዕዙ የሄርማስ ኖላዊ የጥንት አባቶችን መጻሕፍት ለሚመረምሩ ሁሉ ትልቅ ስጦታ ሆኗል፤ እርሱም በ1860 በላይፕትሲግ አሳትሞታል። በ1881 ያወጣው የአማርኛ መዝገበ ቃላትም እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ብራናዎቹ በየገዳሞቻቸው ቢቀሩ ኖሮ የሚል ቁጭት ያለው አንባቢ ሊኖር ይችላል፤ ቁጭቱን እኛም እንጋራዋለን።

በ1859 ቪርዢኒ ቬንሳን ደ ሴን-ቦኔን አገባ፤ ልጅ አልወለዱም። በ1867 የሳይንስ አካዳሚ አባል፣ በ1892 ደግሞ ሊቀ መንበሩ ሆነ። በአባቶቹ ምድር በአንዳይ፣ በባሕር ዳር ገደል ላይ፣ አባዲያ የተባለውን ሕንጻ አሠራ። ጸሎት ቤትና የከዋክብት መመልከቻ በአንድ ጣሪያ ሥር ናቸው። በግድግዳዎቹ ላይ የኢትዮጵያ ኑሮ ተሥሏል፤ በምግብ አዳራሹ ወንበሮች ላይ የኛ ፊደል ሆሄያት በየአንዱ ተቀርጸው፣ ሲገጣጠሙ በዚህ ማዕድ ዙሪያ ከዳተኛ እንዳይገኝ የሚለምን ጸሎት ይሆናሉ። ብርሃን በአየር ውስጥ እንዴት እንደሚታጠፍ ለመመርመርም ወደ ላሩን ተራራ የሚያሳይ ቀዳዳ በሕንጻው ግድግዳዎች አስበሳ፤ ሙከራው ግን አልተሳካም። በሰገነቱ ላይ አንዲት ድንጋይ ጎድላለች፤ የመጨረሻዋን ድንጋይ ንጉሠ ነገሥቱ ናፖሌዎን 3ኛ እንዲያኖራት ታስቦ ሳለ በ1870 ንጉሡ ከዙፋኑ ስለ ወረደ ቦታዋ ባዶ ሆኖ ቀረ።

ዳባዲ በፓሪስ መጋቢት 19 ቀን 1897፣ በቅዱስ ዮሴፍ በዓል ዕለት ዐረፈ። ሕንጻውን ለሳይንስ አካዳሚ ያወረሰው አንድ ግዴታ ጨምሮ ነው፦ በ50 ዓመት ውስጥ የግማሽ ሚሊዮን ከዋክብት ዝርዝር ይዘጋጅ ዘንድ። የመመልከቻው ኃላፊ ሆኖ ሥራውን የቀጠለው ካህኑ አሎይስ ቬርሻፌል ነበር፤ ከእርሱም በኋላ ሌሎች ተተኩ። ሥራው እስከ 1975 ድረስ ቆየ። ከዋክብት በሰሜን መስመር ላይ ሲያልፉ ሰዓታቸው ይመዘገብ በነበረባቸው በእነዚያ ሌሊቶች ሁሉ፣ ዳባዲና ባለቤቱ በጸሎት ቤቱ መሠዊያ ሥር ባለው መቃብር አንቀላፍተው ነበር፤ ዛሬም በዚያው ይገኛሉ።